የአሲሞቭን ፋውንዴሽን ከየትኛው ልጀምር? መጽሐፎቹ ቁጥር የላቸውም

ዘፍኖተሰላም፦
እንዴት ሰነበታችሁ። ሳይንስ ልብወለድ የምታነቡ ካላችሁ እርዱኝ። ፍኖተ ሰላም ነው ያለሁት፣ አስተማሪ ነኝ። ትምህርት ተዘግቷል፣ ክረምቱም እንደምታውቁት ከቤት አያስወጣም፣ ጭቃው ለብቻው ነው። የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች የለቃቀመውን በፌስታል ሞልቶ አመጣልኝና «መስከረም ሳይጠባ ጨርሻቸው» ብሎኝ ሄደ። የትኛው እንደሚቀድም ግን ራሱም አያውቅም።

ሁሉም የአይዛክ አሲሞቭ ናቸው። ፋውንዴሽን፣ ፋውንዴሽን ኤንድ ኢምፓየር፣ ፕሪሉድ ቱ ፋውንዴሽን፣ ፋውንዴሽን ኤንድ ኧርዝ፣ ዘ ኬቭስ ኦፍ ስቲል። አምስት ናቸው። አንዱም ላይ ክፍል 1፣ ክፍል 2 የሚል የለም። ፕሪሉድ ማለት መቅድም ነው ብዬ ከሱ ልጀምር ስል ዓመቱን አየሁት፣ 1988 ይላል። ፋውንዴሽን ደግሞ 1951። መቅድሙ ከ37 ዓመት በኋላ ተጻፈ ማለት ነው? እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አባቴ 1951 የሚለውን አይተው «እኔ የተወለድኩበት ዓመት ነዋ!» ብለው መጽሐፉን ከእጄ ተቀበሉኝ። በፈረንጅ ነው፣ በኛ 1943 ወይም 44 ነው ብላቸው ቅር አላቸው። መጽሐፉን ግን አልመለሱልኝም።

አደራ፣ መጨረሻውን አታውሩብኝ።

የቡሬው፦
በታተሙበት ቅደም ተከተል። አለቀ። ፕሪሉድን መጀመሪያ እንዳትነኪው።

ዘፍኖተሰላም፦
ለምን? ስሙ እኮ መቅድም ነው።

የቡሬው፦
ትናንት ኔትወርክ ጠፍቶብኝ ነው፣ አኩርፌ አይደለም። አሁን ላስረዳሽ።

አሲሞቭ ይህን ነገር ሲጀምር ገና የ21 ዓመት ልጅ ነበር። መጀመሪያ የወጣው በመጽሔት ላይ ነው፣ እየተቆራረጠ፣ ከ1942 ጀምሮ። ቁርጥራጮቹ ተሰብስበው ነው በ1951፣ በ1952 እና በ1953 ሦስት መጽሐፍ የሆኑት። ስለዚህ ፋውንዴሽንን ስትከፍቺው አምስት ክፍል ታገኛለሽ፣ በየመሃሉ ብዙ ዓመት ያልፋል፣ ስትወጂው የነበረው ሰውዬ አርጅቶ ወይ ሞቶ ሌላ ይመጣል። ብዙ ሰው መጽሐፉን የሚወረውረው እዚህ ጋ ነው። እኔም ወርውሬው ነበር፣ ሁለት ዓመት አልጋ ስር ተኛ። የአንድ ሰው ታሪክ ነው ብለሽ ከያዝሽው ይሰለችሻል። እንደ ዜና መዋዕል ያዢው፣ ንጉሥ ሲሄድ ንጉሥ ሲተካ።

ከዚያ ሰውየው 29 ዓመት ሙሉ ተወው። በ1982 አራተኛውን ጻፈ፣ ፋውንዴሽንስ ኤጅ ይባላል፣ አንቺ ጋ የለም። በ1986 አምስተኛውን፣ ኧርዝ ያልሽውን። ከዚያ ወደ ፊት መሄዱን ተወና ወደ ኋላ ተመልሶ ፕሪሉድን ጻፈ። እንግዲህ ፕሪሉድን ሲጽፍ ከፊቱ ያለው አንባቢ አምስቱን የጨረሰ ሰው ነው። አንቺን እንደዚያ ቆጥሮ ነው የሚያጫውትሽ። ሀሪ ሴልደን የሚባለውን ሰው በመጀመሪያው መጽሐፍ በአካል የምታገኚው ጥቂት ገጽ ብቻ ነው፣ ሽማግሌ ሆኖ፣ ከዚያ ጥላው ነው የሚከተልሽ። ፕሪሉድ ላይ ግን ወጣት ነው፣ ሲሮጥ ሲደበቅ ነው የምታይው። ወጣቱን ቀድመሽ ካየሽ ሽማግሌው አይከብድሽም። ክብደቱ ደግሞ የመጀመሪያው መጽሐፍ ግማሽ ጣዕም ነው።

ሦስቱን አንብበሽ ብታቆሚም የጎደለ ነገር አይሰማሽም። በ1966 ሁጎ የሚባለውን ሽልማት ከተከታታዮች ሁሉ ምርጥ ተብሎ ሲወስድ ገና ሦስቱ ብቻ ነበሩ።

ዘፍኖተሰላም፦
«ጥላው ነው የሚከተልሽ» ማለት ራሱ ማውራት አይደለም? ተው እንጂ ወንድም ዓለም።

የቡሬው፦
ይቅርታ። አመለጠኝ።

ተማሪ ዘዲማ፦
የቡሬው ልክ ነው፣ እኔ በሌላ በኩል ልበለው። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቤት ነበርኩ፣ ለምኜ በልቼ፣ ደበሎ ለብሼ። ቅኔ ሰሙን ይዘህ ወርቁን ስትፈልግ ነው ቅኔ የሚሆነው። ማታ ተኝተህ ታወጣዋለህ ታወርደዋለህ፣ ድንገት ሲበራልህ ጎንህ የተኛውን ልጅ ትቀሰቅሰዋለህ። አንዱ ወርቁን ቀድሞ ከነገረህ ግን አለቀ፣ ግጥሙ አለ ቅኔው የለም።

ፕሪሉድ እንደዚያ ነው። መጨረሻው ላይ አንድ የሚገለጥ ነገር አለ (ምን እንደሆነ አልልም፣ እህታችን ታኮርፋለች)። ሌሎቹን ያነበበ ሰው እዚያ ሲደርስ እጁን አፉ ላይ ይጭናል። ያላነበበ ሰው ደግሞ «እና ምን ይሁን?» ብሎ ገጹን ይገልጣል። ያው ገጽ፣ ያው ቃል ነው።

ደግሞ ቅኔ ቤት የሚጀመረው ከጉባኤ ቃና ነው፣ ሁለት ቤት ናት። መወድስ ስምንት ቤት ነው። ከመወድስ የጀመረ ተማሪ አላየሁም። የአሲሞቭ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ቀጫጭን ናቸው፣ የ80ዎቹ ወፋፍራም። እንደዚያው ውጪ።

ጣናዳር፦
ሁላችሁም አንድ ነገር ነው የምትደጋግሙት፣ እስኪ እኔ ልቃወም። ባለቤቱ ራሱ ፕሪሉድ መግቢያ ላይ ዝርዝር አስቀምጧል እኮ። 14 መጽሐፍ፣ በታሪኩ ዘመን ተራ። መጀመሪያ ስለ ሮቦቶች የጻፋቸው፣ ከዚያ የኢምፓየር የሚባሉት ሌሎች ሦስት መጽሐፎች፣ ከዚያ ፕሪሉድ፣ ከዚያ ፋውንዴሽን እያለ ይወርዳል። መጽሐፉ እጇ ላይ ነው፣ ገልጣ ትየው። እኔ እንደዚያ ነው ያነበብኩት። ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ስላጠናሁ ይሆናል፣ ነገር ከምንጩ ሲፈስ ደስ ይለኛል፣ ሰው ምድር ላይ ተጨናንቆ ከሚኖርበት ተነስቶ ጋላክሲውን ሞልቶ መነሻውን እስኪረሳ ድረስ። አባይን ከሰከላ ጀምሮ መከተል ነው። ምን ቀረብኝ?

የቡሬው፦
ምን እንደቀረብህማ በምን ታውቃለህ 😀 የቀረብህን አላየኸውም።

ያን መግቢያ ደግሞ ደህና አድርገህ አንብበው። አሲሞቭ «ምናልባት» የምትል ቃል ሸጉጦበታል፣ ምናልባት በዚህ ተራ ቢነበቡ ነው የሚለው። እዚያው ላይ ሲጀምር ሁሉንም አንድ ወጥ አድርጎ እንዳላቀደውም ይናገራል። እውነቱን ነው፣ ሮቦቶቹንና ፋውንዴሽንን መስፋት የጀመረው በ80ዎቹ ነው፣ ስፌቱ ይታያል። በዘመን ተራ ስታነብ ስፌቱን ከልብሱ በፊት ነው የምታየው። ደግሞ ዝርዝሩ ጎዶሎ ነው፣ የመጨረሻው መጽሐፍ፣ ፎርዋርድ ዘ ፋውንዴሽን፣ የለበትም። እሱ የወጣው በ1993 ነው፣ አሲሞቭ በ1992 ከሞተ በኋላ።

ጣናዳር፦
እሺ «ምናልባት»ን ወስጄልሃለሁ። በናንተ የኅትመት ተራ ፎርዋርድ መጨረሻ ይነበባል፣ እሱ ላይ እኔም እስማማለሁ፣ ሞቱን የሚጠብቅ ሰው የጻፈው ነው፣ ያስታውቃል። አልቅሻለሁ። በዘመን ተራ ሳነብ መሃል ላይ ነበር የመጣብኝ፣ ከዚያ በኋላ የመጀመሪያውን ፋውንዴሽን ስከፍት የሆነ ነገር ጎደለኝ። ይህን ካመንኩ ግማሽ ክርክሬ እንደወደቀ አውቃለሁ፣ አትዘብቱብኝ።

የሞጣዋ፦
እኔ በቴሌቪዥን የወጣውን አይቼ ነው መጽሐፉን የፈለግኩት። ሦስቱ ነገሥታት፣ ሕፃኑ፣ ጎልማሳውና ሽማግሌው፣ ስንተኛው መጽሐፍ ላይ ናቸው? እነሱን ብቻ ባነብ ደስ ይለኛል።

ተማሪ ዘዲማ፦
የትም የሉም እህት ዓለም። ከ2021 ጀምሮ የወጣው ድራማ የራሱ ፈጠራ ነው ያ። ሳልቮር ሃርዲንና ጋል ዶርኒክም ድራማው ላይ ሴቶች ናቸው፣ መጽሐፉ ላይ ወንዶች። የመጀመሪያው መጽሐፍ እንዲያውም ሴት የሚባል የለበትም ማለት ይቻላል፣ ይህ አሲሞቭን የሚያስወቅሰው ነገር ነው፣ በኋላ መጽሐፎቹ ላይ ሊያስተካክል ሞክሯል። ድራማውን ረስተሽ ግቢ፣ ያለዚያ በየገጹ የማታገኚውን ትፈልጊያለሽ።

የሞጣዋ፦
ተበላሁ።

አያ ዘደጋዳሞት፦
ልጆች፣ ሁላችሁም ፋውንዴሽን ላይ ተጣበቃችሁ። ልጅቷ ዘ ኬቭስ ኦፍ ስቲል አለኝ እያለች ነው እኮ፣ አንዳችሁም አላያችሁትም።

ልጄ፣ ከሱ ጀምሪ። በ1954 በመጽሐፍ የወጣ ነው። ግድያ አለ፣ መርማሪ አለ፣ ገዳዩን መፈለግ አለ። ሰዉ ሁሉ በተሸፈነ ከተማ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ሰማይ አይቶ አያውቅም፣ ሜዳ ላይ መቆም ያስፈራዋል። እኛ ጮቄ ተራራ ስር ያደግን ሰዎች ይህን ስናነብ እንዴት እንደሚያስገርመን! ያን መርማሪ ከሮቦት ጋር ያጣምዱታል፣ እሱ ደግሞ ሮቦት አይወድም። ከፋውንዴሽን ምንም ማወቅ አያስፈልግሽም፣ ራሱን የቻለ ነው፣ በሦስት ቀን ትጨርሽዋለሽ። የሰውየውን አጻጻፍ ትለምጂያለሽ። ከዚያ ፋውንዴሽን ስትገቢ በየክፍሉ ሰው ሲለዋወጥብሽ አትደነግጪም፣ ደራሲውን አምነሽዋልና።

እና ኧርዝን ደብቂው፣ ዓይንሽ እንዳያየው። አራተኛው ካቆመበት ነው በቀጥታ የሚነሳው። መጀመሪያው ላይ አንድ ሰው ባለፈው መጽሐፍ የወሰነውን ነገር ለምን እንደወሰነ ራሱን ሲጠይቅ ነው የምታገኚው። አራተኛውን ሳታነቢ እሱን መክፈት ሽምግልና መሃል ገብቶ ነገሩን እንደመስማት ነው፣ ማን በማን ላይ እንደሚጮህ አታውቂም። ኧርዝ ላይ ደግሞ ከሮቦቶቹ መጽሐፎች የምናውቃቸው ቦታዎች ይመጣሉ። ስለዚህ አራተኛውን ስትጨርሺ ቆም ብለሽ ዘ ኔክድ ሰንን፣ ዘ ሮቦትስ ኦፍ ዶውንን እና ሮቦትስ ኤንድ ኢምፓየርን ብትፈልጊ፣ ከዚያ ኧርዝ፣ ከዚያ ፕሪሉድ። የኢምፓየር የተባሉት ሦስቱ ቢቀሩብሽም ግድ የለም፣ እኔ አንዱን ጀምሬ ትቼዋለሁ።

የቡሬው፦
አያ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ልክ ነዎት። ኬቭስን ከፋውንዴሽን በፊት ማንበቡ ምንም አያበላሽም። እንዲያውም የታተመው ከሦስቱ ፋውንዴሽን በኋላ ወዲያው ስለሆነ ያቺን የኔን ተራ ብዙም አልጣሰም።

ዘፍኖተሰላም፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። ኬቭስን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ፣ መብራት ካለ። ከዚያ ፋውንዴሽን፣ ከዚያ ፋውንዴሽን ኤንድ ኢምፓየር። ፕሪሉድንና ኧርዝን ከሳጥን ከትቻቸዋለሁ።

ግን ሦስተኛው፣ ሰከንድ ፋውንዴሽን የሚባለው፣ የለኝም። ኢምፓየር ሲያልቅ የት ነው የሚጥለኝ?

ተማሪ ዘዲማ፦
ክፉ ቦታ። መጽሐፉ ሁለት ክፍል ነው። የመጀመሪያው ክፍል ትንሽ ይከብዳል፣ ስለ አንድ ጄኔራል ነው፣ ጥርስሽን ነክሰሽ እለፊው። ሁለተኛው ክፍል ላይ ግን ሻይሽ ይቀዘቅዛል። ከሁሉም መጽሐፎቹ የምወደው እሱን ነው። ካለቀ በኋላ ሦስተኛውን ሳትይዢ መቀመጥ አትችይም፣ እኔ አንድ ወር ስፈልግ ከርሜ ነው ያገኘሁት፣ ያን ወር ለጠላት አይስጠው።

የቡሬው፦
አንድ ምክር ብቻ፣ አሮጌ ስትገዢ ገጹ ላይ ከላይ የተጻፈውን ዓመት ብቻ አትመኚ። አንዳንዱ የመጨረሻ እትሙን ዓመት ነው ከላይ የሚጽፈው። ዝቅ ብለሽ መጀመሪያ የታተመበትን ፈልጊ። እኔ በዚህ ተታልዬ ሁለተኛውን ከአንደኛው በፊት አንብቤያለሁ፣ ስለዚህ ነው እንዲህ የምጮኸው።

ዘዳንግላ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ሰከንድ ፋውንዴሽን እኔ ጋ አለ። ሽፋኑ የለም፣ ገጽ 90 አካባቢ ቡና ፈሶበታል፣ ግን ይነበባል። ሐሙስ ወደ ማርቆስ ስለምወርድ ፍኖተ ሰላም ላይ መኪናው ለምሳ ይቆማል። መናኸሪያ ብትመጪ እሰጥሻለሁ። ሁለት ነገር ብቻ፣ የገጹን ጠርዝ አትጠፊ፣ ለሌላ ሰው ሳትሰጪ መልሽልኝ። ያበደርኩት መጽሐፍ ተመልሶልኝ አያውቅም፣ አንቺ የመጀመሪያዋ ሁኚ።

ዘፍኖተሰላም፦
ሐሙስ በእርግጥ እመጣለሁ፣ ጃንጥላ ቀይ ነው። ምሳውንም እኔ ነኝ።

ለሌላ ሰው አትስጪ ያልከውን ግን ቃል መግባት ይቸግረኛል፣ አባቴ አሉ። ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው፣ ያን ቀን የተቀበሉኝን ፋውንዴሽን እስካሁን አልመለሱልኝም። ኬቭስን የምጀምረው በአያ ምክር ብቻ አይደለም፣ ሌላው ስለተያዘብኝ ጭምር ነው። ገጽ 60 ደርሰዋል፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። አሁን «እስኪ እነዚያን ሰዎች ጠይቂልኝ፣ ይሄ ሴልደን ተመልሶ ይመጣል ወይ?» እያሉኝ ነው።

እንዳትመልሱላቸው።