ከኮርሱ ተመለስኩ፤ ስብሰባው ግን ያው ነው

እባካችሁ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር የገጠመው ካለ ይምከረኝ። በቅርቡ ውጭ አገር ሄጄ የሦስት ሳምንት የአመራር ኮርስ ወስጄ ተመለስኩ። 12 ሰዎችን ነው የምመራው።

ኮርሱ ጥሩ ነበር። ሀርቫርድ ቢዝነስ ስኩል እንዳስለመደው፣ አስተማሪው ብዙም ሌክቸር አይሰጥም። የአንድ ድርጅት ችግር ተጽፎ ይሰጣችኋል፣ ማታ ታነባላችሁ፣ ጠዋት ትከራከራላችሁ። ከሁሉም የከበደኝ ግን 360 ዲግሪ የሚሉት ግምገማ ነው። አለቃዬ፣ የሥራ እኩዮቼና የምመራቸው ልጆች ቀደም ብለው ስለ እኔ የሞሉት። ልጆቹ ስማቸውን አልጻፉም። አንዱ «ጥያቄ ይጠይቃል፣ መልሱንም ራሱ ይመልሳል» ብሏል። እውነቱን ነው። አውሮፕላን ላይ ሁሉ ሲከነክነኝ ነበር።

እና በመጀመሪያው ስብሰባ «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ብዬ ዝም አልኩ። እነሱም ዝም። ሰዓቴን አየሁ፤ አንድ ደቂቃ ሊሞላ ነው። አንዷ እስክሪብቶዋን ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች። አላስቻለኝም፣ መልሱን እኔው ተናገርኩት! በሦስተኛውም ስብሰባ ያው። ኋላ ላይ «የኮርስ ሙቀት ነው፣ ይበርድለታል» ሲባባሉ ሰማሁ።

ዝምታውን እስከ ምን ድረስ ልታገሠው? ለየብቻ ባናግራቸው ይሻላል? ወይስ ግምገማው ላይ የተባልኩትን አውጥቼ ልንገራቸው? ይሄኛው አስተያየቱን የጻፈውን ሰው የማሳድድ እንዳያስመስልብኝ ፈራሁ። አለቃዬ ደግሞ በወሩ መጨረሻ «ምን ተለወጠ?» ለሚለው ሪፖርት ይጠብቃል።