ትርፍ ድምፁን እንዴት ላስተላልፍ?

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት የምትገኘው የፖርትላንድ ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 የከተማ ምክር ቤቷን ከ4 ወረዳዎች፣ ከእያንዳንዱ 3 አባላት አድርጋ መርጣለች፤ መራጩ ዕጩዎቹን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፣ ለማለፍ ከ25 በመቶ በላይ ድምፅ ይበቃል። ብዙ ድምፅ ያገኘ አንድ ሰው ብቻ ማሸነፉን የለመዱት ተማሪዎቼ ነገሩ ስለማረካቸው 3 የክፍል ተወካዮችን በዚሁ መንገድ መረጥን።

40 መራጮች፣ ማለፊያው 11። አንዷ 16 አገኘች። ከማለፊያው በላይ ያለው ትርፍ 5 ድምፅ መራጮቿ በሁለተኛ ደረጃ ወዳስቀመጧቸው ዕጩዎች ይሂድ፤ ግን የየትኞቹ 5 ልጆች ወረቀት? ዕጣ ባወጣሁ ቁጥር ሦስተኛው ወንበር ባለቤት ይቀይራል። ልጆቹ ዝም ብለው አዩኝ፤ ዝምታቸው ከብዶኛል። 16ቱንም ወረቀት በ5/16 ዋጋ ላስተላልፍ? ከሆነ፣ እባካችሁ በጠመኔ ሠርቼ እንዳሳያቸው ስሌቱን ደረጃ በደረጃ ጻፉልኝ። ሐሙስ ክፍል እገባለሁ።