ሰዎች ምዝገባውን ሳይጨርሱ ይወጣሉ፤ ጉዳዩ የዩአይ (የበይነ ገጽ) ነው ወይስ የዩኤክስ (የተጠቃሚ ተሞክሮ)? (አስቸኳይ)

ቀለም ቀቢው፦ ጤና ይስጥልኝ። በሙያዬ ግራፊክ ዲዛይነር ስሆን፣ ከሁለት ወር ወዲህ የአንድ የክፍያ መተግበሪያ ገጾችን እየሠራሁ ነው። ብዙ ሰው የምዝገባው ሁለተኛ ገጽ ላይ ሲደርስ ትቶ እንደሚወጣ ትናንት በመታወቁ፣ አለቃዬ «የዩኤክስ ባለሙያ ብለን የቀጠርንህ ለዚህ አይደለም እንዴ?» ብሎ እስከ ነገ ጠዋት እንዳስተካክለው አዝዞኛል። ቁልፉን ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ብለውጠውም የመጣ ለውጥ የለም። የትኛውን ቀለም ትመክሩኛላችሁ?

ነባር አባል፦ ከቀለሙ በፊት የሙያዎቹን ወሰን መለየት ይበጃል። የዲዛይን ተመራማሪው ዶናልድ ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1993 አፕል ሲገባ «የተጠቃሚ ተሞክሮ» የሚለውን ስያሜ በሥራ መጠሪያው ውስጥ ያስገባው፣ «በይነ ገጽ» የሚለው ቃል ጠባብ ሆኖ ስላገኘውና ከዕቃው ቅርጽ እስከ መመሪያው ያለውን ሁሉ የሚያቅፍ ቃል ስለፈለገ ነው። ግራፊክ ዲዛይነር መልእክትን በምስልና በፊደል ያስተላልፋል፤ የዩአይ ባለሙያ ቁልፎቹን፣ ሳጥኖቹንና ቀለማቱን ያሰናዳል፤ የዩኤክስ ባለሙያ ግን ሰውየው መተግበሪያውን ለምን እንደከፈተና ጉዳዩን ሳይፈጽም ለምን እንደተመለሰ ይመረምራል። ፊግማን (የገጽ መንደፊያ ሶፍትዌሩን) ስለከፈቱ ብቻ ይህንን ሠርተዋል ማለት አይደለም።

ፈጣን መልስ፦ ቁልፉን ያተልቁት። እኔ ዘንድ ሠርቷል።

የአክስቴ ልጅ፦ አክስቴን እንዲህ ባለ ገጽ ላይ ሳስመዘግባቸው የተወለዱበትን ቀን ተጠየቁ፤ «ጳጉሜን 3» አሉ። ዝርዝሩ 12 ወር ብቻ ስለነበረው፣ እንደ መተግበሪያው ከሆነ አክስቴ ገና አልተወለዱም። ቀጥሎ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ሲመጣ «የማንን ቤተሰብ?» ብለው ስልኩን አስረከቡኝና ቡናቸውን ማፍላት ጀመሩ። አረንጓዴ ቁልፍ ከረከቦቱ የሚያስነሣቸው አይመስለኝም።

ቀለም ቀቢው፦ የእኛም ገጽ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ «የቤተሰብ ስም»ም አለበት። ሆኖም ቅጹ ከውጭ ተገዝቶ የመጣ በመሆኑ እኔን የሚመለከተኝ መልኩ ብቻ ነው።

ጠርጣሪው፦ እዚህ ላይ አልስማማም፤ ጥያቄዎም ከመነሻው የተሳሳተ ይመስለኛል። ሰዎቹ መውጣታቸው ታውቋል እንጂ ለምን እንደወጡ የጠየቃቸው የለም፤ የአክስታችንም ታሪክ ግምት ይሰጠናል እንጂ ማስረጃ አይሆነንም። ዛሬ ማታ ከመሥሪያ ቤትዎ ውጭ ለሆኑ 5 ሰዎች ስልኩን ሰጥተው፣ አንዲት ቃል ሳይረዷቸው፣ ጣታቸው የት ላይ እንደሚቆም ይመልከቱ። የአጠቃቀም ምቹነት ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 እንደጻፈው 5 ሰዎች ከችግሮቹ 85 በመቶ ያህሉን ያወጣሉ።

ነባር አባል፦ ቁጥሩ አከራካሪ ነው፤ ቢሆንም ማንንም ካለመጠየቅ ይሻላል። የልደት ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተቀብሎ ከጀርባ መለወጥ የፕሮግራመር ሥራ ነው፤ መለወጥ እንዳለበት አይቶ ለአለቃ ማስረዳት ግን የዩኤክስ ሥራ ነው። «የቤተሰብ ስም» የሚለውን «የአባት ስም» እና «የአያት ስም» ብሎ መተካት ደግሞ የዛሬ ማታ ሥራ ነው።

ጠርጣሪው፦ ጠያቂያችን፣ ነገ ከአለቃዎ ጋር ከተነጋገሩ በኋላ ውጤቱን ቢያሳውቁን ደስ ይለናል።

ፈጣን መልስ፦ ሦስት ቀን አለፈ። ቁልፉስ ተለቀ?