ጁባ ሄደን ለዓመታት ልናስተምር ነው፣ ምከሩን

የታቦር ልጅ፦ ሰላም ወገኖች፣ ከሐዋሳ ነኝ። ቤተ ክርስቲያናችን እኔንና ባለቤቴን ለ4 ዓመት ጁባ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት እንድናስተምር ልትልከን ነው። ልባችን ሄዷል፤ ግን የ6 ዓመት ልጅ አለችን፣ እናቴም ብቻዋን ናት። የኖራችሁበት ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

ከጁባ የተመለሰች፦ ወንድሜ፣ ለማስተማር አትቸኩል። የመንግሥቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፣ ገበያውና ጎረቤቱ ግን የሚያወራው የጁባ ዓረብኛ ነው። እኔ በደረስኩ በወሩ በአስተርጓሚ ጀመርኩ፤ ተማሪዎቹ በአክብሮት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ፈተና ስሰጥ ግን ግማሹ እንዳልገባቸው አየሁና ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ቋንቋውን የተማርኩት ከሻይ ሻጮቹ ሴቶች ጋር ቁጭ ብዬ ነው። ወባውን ደግሞ አትናቁት። ልጅቷን ካተኮሳት በዚያው ቀን አስመርምሯት።

እህት ከአላሙራ፦ እኔ ስለ ገንዘቡ ላንሳ። እኛን የላከን ወገን በሁለተኛው ዓመት ድጋፉን አቆመብን፣ በጣም ተጎዳን። የቤት ኪራይ፣ ሕክምና፣ የልጅ ትምህርት፣ እናትህን ማን እንደሚጠይቃት፣ ሁሉም በጽሑፍ ይሁን። "እንጸልይላችኋለን" ብቻ አይበቃም።

ሽማግሌው፦ ልጄ፣ የወላይታን ታሪክ አስታውስ። ሚስዮናውያኑ ሶዶ የገቡት በፈረንጆቹ 1928 ነው። በ1937 በጣሊያን ዘመን ሲባረሩ የተጠመቁት 50 እንኳ አይሞሉም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ በሺዎች የሚቆጠሩ አማኞች ጠበቋቸው፤ ሥራውን የያዙት ያገሩ ሰዎች ናቸዋ! አንተም ገና ስትገባ የሚተካህን መምህር ፈልግ። እናትህን እኛ እናያታለን፣ ሰፈሯን በውስጥ መስመር ላክልኝ።