ያበደርኩትን ብር መጠየቅ ከ«ይቅር በል» ጋር ይጋጫል ወይ?

ጎረቤት (ደሴ)
ሰላም ለዚህ ቤት። ለቡና ተጣጪዬ 18,000 ብር በቃል አበድሬያት፣ የመክፈያው ጊዜ ካለፈ አራት ወር ሆነ። ሙስሊም ናት። አንዱ «ማቴዎስ 5፥42 ሊበደር ከሚወድ ፈቀቅ አትበል ይላል፣ ተዪው» ይለኛል፤ ሌላው «ክሰሻት» ይላል። ዝም ስል ቂም ሆነብኝ፣ ቡናውም ቀረ። በመጽሐፉ ከሄድን ከየት ልጀምር?

ቀለም ቆጣሪ
እህት ዓለም፣ 5፥42 ስለ ማበደር ነው፤ አንቺ ደግሞ አበድረሻል። የተበደለ ሰው መንገዱ ማቴዎስ 18፥15 ላይ ነው፦ «ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው። ቢሰማህ፥ ወንድምህን ገንዘብ አደረግኸው።» (በብር ጉዳይ ለተጣላ ሰው «ገንዘብ» የሚለው ቃል እዚህ መግባቱ ደስ ይላል።)

ሰው የሚስተው «ብቻችሁን» የምትለዋን ነው። ነገሩ መጀመሪያ ለሦስተኛዋ ቡና ተጣጪ ይነገራል፤ ወሬው ካንቺ ቀድሞ ጆሮዋ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የምትከራከርሽ ስለ ብሩ መሆኑ ይቀርና ስለ ስሟ ይሆናል።

ቦታውንም ምረጪ። ዘዳግም 24፥10-11 አበዳሪ መያዣ ሊወስድ ተበዳሪው ቤት እንዳይገባ፣ ውጭ ቆሞ እንዲጠብቅ ያዛል። ሰው በገዛ ቤቱ፣ በልጆቹ ፊት አይዋረድም ማለት ነው። ስለዚህ ባሏና ልጆቿ ባሉበት አይሆንም፤ ቡና ላይም አይሆንም፤ ሰኞ ገበያ ደንበኛ ፊትማ ጭራሽ። የዒድ ሰሞንን እለፊው፣ በዓል ሲደርስ የማንም እጅ ያጥረዋል።

ስትገናኙ ንግግሩ አጭር ይሁን፦ «18,000ው ጊዜው አለፈ። ምን ያህል፣ በስንት ጊዜ ይመችሻል?» ከዚያ ዝም በዪና አድምጪ። «አታፍሪም ወይ» ከአፍሽ ከወጣ ያ ቀን ከሰረ፤ ተነሥተሽ ሂጂ፣ ሌላ ቀን ትመለሻለሽ።

ውል ጸሐፊ
«ክሰሻት» ያለሽ ሰው ሕጉን አላየም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2472፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ውስጥ በሚደረግ እምነት (ተበዳሪዋ ራሷ «አዎ ተበድሬያለሁ» ስትል) ወይም መሐላ ነው። ያለ ወረቀት የሰው ምስክር ደርድረሽ አትረቺም።

ስለዚህ እሺ ባለችበት ቀን ይጻፍ፦ የሁለታችሁ ሙሉ ስም፣ ገንዘቡ በአኃዝም በፊደልም፣ የእያንዳንዱ ክፍያ ቀን፣ የሁለታችሁና የሁለት ምስክሮች ፊርማ። በወር 3,000 ቢሆን በ6 ወር ያልቃል። ዕቁብ ካለባት ክፍያው ዕቁቡ ከሚጣልበት ቀን ጋር እንዳይገጥም አድርጉ፤ አብዛኛው ስምምነት የሚፈርሰው ሁለተኛው ወር ላይ እዚያ ጋ ነው። በከፈለች ቁጥር ደረሰኝ ስጫት።

መጻፍ አለማመን ነው የሚል ካለ ፊልሞና 18-19ን ያንብብ። ጳውሎስ የወዳጁን ዕዳ በራሱ ላይ ሲያደርግ «እኔ እመልሰዋለሁ» ብሎ በእጁ ጽፏል።

ደግሞ «ብሩ ዋጋው ወርዷል» ተብሎ 20,000 እንዳይጻፍ። ዘጸአት 22፥25 ለድኃ ባበደርሽው ላይ አራጣ አትጫኚ ይላል፤ በእሷም ሃይማኖት ወለድ ሐራም ነው።

ወሎዬ
አብሽሪ። ወረቀቱ አያስቀይማትም፤ ቁርኣንም አል-በቀራ 282 ላይ ዕዳ በምስክር ይጻፍ ይላል፣ 280 ላይ ደግሞ የተቸገረ ተበዳሪ ጊዜ ይሰጠው ይላል። ግን አንቺ አትጥቀሺባት። የሷ ሽማግሌ ይበልላት።

ለብቻ አልሆን ካለ ማቴዎስ 18፥16 አንድ ወይም ሁለት ሰው ጨምር ይላል። ከሷ ወገን አንድ፣ ካንቺ አንድ፤ ሁለቱንም ሁለታችሁ የምታከብሯቸው ይሁኑ። ካንቺ ብቻ ሁለት ይዘሽ ከሄድሽ ሽምግልናው ከበባ ይመስላል። ቀጥሎ ያለው «ለቤተ ክርስቲያን ንገር» ለሷ አይሠራም። እዚያ ላይ ሮሜ 12፥18ን ያዢ፦ «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ»። የሷን በኩል አልተጠየቅሽም።

የእውነት የሌላት ከሆነና ልትተዪላት ከፈለግሽ፣ በሽማግሌዎቹ ፊት አንዴ «ትቼልሻለሁ» በይና ወረቀት ካለ ይቀደድ። በአፍ ትቶ ለየቡናው ማውራት መተው አይደለም።

ጎረቤት (ደሴ)
እግዜር ይስጥልኝ። ከመሄዴ በፊት የማነበው «ዳዊት 36 ስለ ቁጣ ነው» ተብዬ ስከፍት ሌላ ነገር ነው።

ቀለም ቆጣሪ
የከፈትሽው 66 መጻሕፍት ያሉትን መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ እዚያ 37 ብለሽ ፈልጊ። በግእዙ ዳዊት 9 እና 10 አንድ መዝሙር ስለሆኑ ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ ባብዛኛው በአንድ ያንሳል። በየዕለቱ ዳዊት ለሚደግም 36 የማክሰኞ ነው። የምትፈልጊው ቁጥር 8 ነው፣ «ከቁጣ ራቅ»። ቁጥር 21 «ኃጢአተኛ ይበደራል አይከፍልምም» ይላል፤ እሱን ይዘሽባት እንዳትሄጂ።