ከሐዋሳ ደብረ ብርሃን መጥቼ ቆዳዬ ተሰነጣጠቀ፤ ውሃው ነው ወይስ ብርዱ?

የሐይቅ ዳሯ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ተወልጄ ያደግኩት ሐዋሳ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ ለሥራ ደብረ ብርሃን ገባሁ። እዚያ እያለሁ ስለ ቆዳዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እዚህ ግን ጥቅምት ሲጋመስ ጀመረኝ። መጀመሪያ እግሬ አመድ የተነሰነሰበት መሰለ። ቀጥሎ የእጄ ጀርባ ተሰነጣጠቀ። ስስቅ ከንፈሬ ይደማል። አሁን ደግሞ ጉንጬ ላይ ጠቆር ያለ ነገር ወጣ፤ ማድያት ነው ይሉኛል። ማታ ማታ አንገቴንና ክንዴን ያሳክከኛል።

መሥሪያ ቤት ያሉት "ውሃው አልተስማማሽም" ይላሉ። አንዷ ጓደኛዬ ፊት የሚያጠራ ክሬም ሰጥታኛለች፤ ገና አልከፈትኩትም። ጠዋት ጠዋት በጣም በሞቀ ውሃ እታጠባለሁ፣ ያለዚያ ከቤት መውጣት አልችልም። ከዚያ ሎሽን እቀባለሁ። የፀሐይ መከላከያ አልጠቀምም፤ በዚህ ብርድ ምን ፀሐይ አለና! ምን ይሻለኛል?

እናት ከጠባሴ

ልጄ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ውሃውን አትውቀሺው። ከጥቅምት እስከ ጥር እዚህ አገር ክፉ ጊዜ ነው። ሌሊት ውርጭ፣ ቀን ነፋስና ፀሐይ። እዚሁ የተወለድነውም ተረከዛችን ንቃቃት ነው።

ድሮ ለጋ ቅቤ ነበር የምንቀባው። ዛሬ ቅቤ ስንት እንደገባ ታውቂያለሽ፣ ለወጥም አልተረፈ። ሽታ የሌለውን ተራ ቫዝሊን ግዢ። ማታ እግርሽን ታጥበሽ፣ ጭራሽ ሳይደርቅ ለቅለቅ አድርጊና ካልሲ ለብሰሽ ተኚ። እጅሽንም እንደዚያው። ከንፈርሽን በምላስሽ አታርጥቢ፤ ባረጠብሽው ቁጥር ይብስበታል።

ፋርማሲስቱ

እናታችን ያሉት ልክ ነው። ምክንያቱን ልጨምር።

ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሐይቁም አጠገብሽ ነበር። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ቀዝቃዛ አየር ብዙ እርጥበት መሸከም አይችልም። ነፋሱ ደግሞ ከቆዳሽ ላይ ያለችውን ጠራርጎ ይወስዳል። ይሄ የአገሩ ጣጣ ነው፣ አትቀይሪውም። የሞቀው ውሃ ግን የራስሽ ጣጣ ነው። ቆዳችን የራሱ ቅባት አለው፣ እርጥበቱን የሚያቆይለት እሱ ነው። ትኩስ ውሃና ሳሙና ያንን ቅባት አጥበው ይወስዱታል። ከዚያ በተገለጠ ቆዳ ነፋስ ውስጥ ትወጪያለሽ።

ስለዚህ ለብ ባለ ውሃ፣ ቶሎ ታጥቦ መውጣት። ፎጣውን አትፈትጊው፣ ጫን ጫን እያደረግሽ አድርቂ። ገላሽ ገና ወዝ እያለው፣ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ተቀቢ። ሎሽን አብዛኛው ውሃ ነው፤ ለሐዋሳ ይበቃ ይሆናል፣ ለደብረ ብርሃን አይበቃም። ወፈር ያለ ክሬም ወይም ቫዝሊን ይሻላል። ግሊሰሪን ከሆነ ውሃ ቀላቅይበት።

አሁን ፀሐዩ። "ብርድ ነው፣ ፀሐይ የለም" የሚለው ብዙ ሰው ይሸውዳል። ቆዳ የሚጎዳው ጨረር ከሙቀት ጋር አይሄድም። 1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር በ10 በመቶ አካባቢ ይጨምራል። እኛ ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ስለዚህ እየተንቀጠቀጥሽም የሚያገኝሽ ጨረር ሐዋሳ ላብ እያጠመቀሽ ከሚያገኝሽ ይበልጣል። ደመና ቢሆንም ያልፋል። ማድያት ደግሞ ጨረርን ይወዳል። ጥቁር ቆዳ ቶሎ አይቃጠልም እንጂ ማድያት ከመውጣት አያመልጥም።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። የምትታጠቢው በምን ሳሙና ነው? የእርግዝና መከላከያ ትወስጃለሽ? መልሱን እዚህ ባትጽፊውም ይሆናል፤ ማድያትን ሊያመጣ ስለሚችል ሐኪም ስታዪ ንገሪው።

ብሩክታይት

ለማድያቱ ሎሚ በማር ቀብተሽ ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ ቁጭ በይ። እኔን ጠቅሞኛል።

ፋርማሲስቱ

ብሩክታይት እባክሽ ይሄን አትምከሪ። ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ሲድን ደግሞ ከበፊቱ የባሰ ጥቁር ምልክት ጥሎ ነው። አንቺን እግዜር አትርፎሻል።

የተማረች በገንዘቧ

እህቴ፣ ያንን ክሬም እንዳትከፍቺው! እኔ ፊቴ ጠይም ነው። "ያጠራል" ብለው ስም የሌለው ብልቃጥ ሸጡልኝ። በሳምንቱ ፊቴ በራ፣ ሰው ሁሉ "ምን ተቀባሽ?" አለኝ። በስድስተኛው ወር ጉንጬ ላይ ቀያይ ደም ሥሮች መታየት ጀመሩ። ብጉር ወረረኝ። ሳቆመው ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ስሄድ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ያለበት ቅልቅል ነው አሉኝ። ቆዳን ያሳሳል። የሳሳ ቆዳ ይዘሽ ደግሞ በዚያ ፀሐይ! እኔ ከዚያ ለመላቀቅ ዓመት ፈጀብኝ።

ከሎጊያ

እኔ ያንቺ ተቃራኒ ነኝ፣ ከደብረ ታቦር አፋር ወርጄ። እናቴ "ቆዳህ እንዳይደርቅ" ብላ ቫዝሊን በሻንጣዬ ከተተችልኝ። ታዝዤ ተቀባሁ። በሁለተኛው ቀን ጀርባዬና ደረቴ በሙሉ ትናንሽ ሽፍታ ሆነ፣ እንደ መርፌ ይወጋል። ለካ ላቡ መውጫ አጥቶ ነው። ቫዝሊኑን ተውኩ፣ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ለበስኩ፣ ቀን ሁለቴ በቀዝቃዛ ውሃ ተለቃለቅኩ፤ በአራት ቀን ለቀቀኝ። ያው ቫዝሊን ነው፣ አገሩ ነው የተለየው።

የሐይቅ ዳሯ

አምላኬ፣ ምን ያህል ጥፋት ሠርቻለሁ! ሳሙናውን ስትጠይቀኝ አፈርኩ። "ያጠራል" ስላሉኝ ፊቴንም ገላዬንም በልብስ ሳሙና ነው የምታጠበው። ክሬሙን ጣልኩት።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። አከራዬ የመንዝ ባና ሰጥተውኛል። ብርዱን አልችለውም፣ አንገቴ ድረስ ስቤው ነው የምተኛው። ማታ ክፍሌ ውስጥ ከሰልም አነዳለሁ።

እናት ከጠባሴ

በይ አገኘነው! ልጄ፣ ባና እኮ የበግ ፀጉር ነው፣ ይኮሰኩሳል። እኛ ለምደነው ነው እንጂ ለደረቀ ገላ አይሆንም። የሚያሳክክሽ አንገትሽና ክንድሽ ነው አላልሽም? የሚነካሽ እዚያው ነው።

ፋርማሲስቱ

ባናው በጣም ይመስላል። ግን ማታ ማታ የሚብስ ማሳከክ እከክም ሊሆን ይችላል። ጣቶችሽ መሀል፣ የእጅ አንጓሽ ላይ፣ ወገብሽ ዙሪያ ሽፍታ ካለ፣ ወይም አብሮሽ የሚኖር ሰው ካሳከከው ጤና ጣቢያ ሂጂ። መድኃኒቱን የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ነው የሚቀባው። ክንድሽ መታጠፊያ ላይ ከቆየና ከወፈረ ደግሞ ችፌ ሊሆን ይችላል።

ከሰሉን በተመለከተ ስለ ቆዳ ትቼ ስለ ነፍስሽ ልናገር። በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድዶ መተኛት ይገድላል። ሽታ የሌለው ጋዝ ነው፣ ሳታውቂው ነው የሚወስድሽ። ዛሬውኑ ተዪው።

ከሚኒሶታ

እኔ ያለሁበት ክረምት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይወርዳል። የመጀመሪያው ዓመት ቆዳዬ ላይ በጥፍሬ ስም መጻፍ እችል ነበር። ውጭው ብርዱ፣ ቤት ውስጥ ማሞቂያው ያደርቅሻል። ሰው እዚህ አየሩን የሚያረጥብ ማሽን ይገዛል። እኔ ብር ሳይኖረኝ እርጥብ ፎጣ ወንበር ላይ እየሰቀልኩ ነበር የምተኛው፤ ትንሽ ይረዳል። አንቺ ከከሰሉ ይልቅ በላስቲክ ኮዳ ሙቅ ውሃ ሞልተሽ በጨርቅ ጠቅልለሽ እግርሽ ሥር አድርጊ።

ብሩክታይት

እሺ ሎሚውን ተውኩት 😅 ግን ፀሐይ መከላከያው እኮ ውድ ነው። አማራጭ የለም?

ፋርማሲስቱ

አለ። ሰፊ ባርኔጣ፣ ጃንጥላ፣ ፊት ላይ ጠምዘዝ ያለች ነጠላ። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት በጥላ ጥላ መሄድ። መግዛት ከቻላችሁ ኤስፒኤፍ (እሽጉ ላይ የሚጻፈው የመከላከል አቅሙ ቁጥር) 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል። ቀለም ያለው፣ ጠይም የሚመስለው ዓይነት ከተገኘ ለማድያት ከነጩ የተሻለ ነው፣ የሚታየውንም ብርሃን ይከለክላል።

የአንኮበር ልጅ

ለዚያ አካባቢ ሰው አንዲት ነገር ልጣል። ፊት ላይ ወጥቶ ወራት ሳይድን የሚቆይ ቁስል ወይም እብጠት ካያችሁ ብርድ ነው ብላችሁ ቫዝሊን አትቀቡት። ቁንጭር ሊሆን ይችላል። ሽኮኮ በሚበዛበት ገደል አካባቢ ያለች ትንሽ ዝንብ ናት የምታስተላልፈው። ወንድሜ "ይለቀዋል" እየተባለ ስንት ጊዜ ጠፋበት። በመጨረሻ አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል ሄዶ ታከመ።

የሐይቅ ዳሯ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

እንዴት ናችሁ? ማሳከኩ በአራተኛው ሌሊት ጠፋ። ጣቶቼ መሀል ምንም የለም፣ ባናው ነበር። እጄ ድኗል፣ ከንፈሬም። ለብ ያለ ውሃ መታጠብ ግን ገሀነም ነው፣ እውነቴን ነው፤ እየጮኽኩ ነው የምታጠበው። ጉንጬ ላይ ያለው እንዳለ ነው።

ፋርማሲስቱ

ጉንጭሽ ወራት ይፈልጋል፣ አትቸኩዪ። ባርኔጣውን አታውልቂ። ከሦስት ወር በኋላም ካልደበዘዘ የቆዳ ሐኪም ይየው።

የሐይቅ ዳሯ

እሺ። እማማ፣ እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ባናውን አጥፌ አስቀምጬዋለሁ። አከራዬ ቤቴ ሲገቡ አይተውት "ጠላችው እንዴ?" እንዳይሉኝ ፈራሁ። ምን ልበላቸው?

እናት ከጠባሴ

ምንም አትበያቸው። አንሶላውን ከውስጥ፣ ባናውን ከላይ ደርቢ። አንሶላውን አንገትሽ ጋ ወደ ውጭ እጠፊው፣ ባናው እንዳይነካሽ። እሳቸው ባናውን ያያሉ፣ አንቺም ይሞቅሻል።