ለመጀመሪያ ጊዜ ላጠፉ ድሆች የቅጣት ማቅለያ፦ ለፍትሕ አካላት የምናቀርበው ሐሳብ

አስተባባሪ (ደሴ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁን ዛሬ መልክ እናስይዘው። መነሻችን የዱር እንስሳት ጥበቃው አዋጅ ቁጥር 541/1999 ነው። በሕገወጥ መንገድ ያደነ ሰው ከ5,000 እስከ 30,000 ብር ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱንም ይቀጣል ይላል። ነጋዴው ብሩን ቆጥሮ ይወጣል። ለልጆቹ ብሎ ድኩላ ያጠመደው ግን በሬውን ይሸጣል፤ የሚሸጠው ከሌለው ይታሰራል።

ጠበቃ (ኮምቦልቻ)፦ ሕጉ ይቀየር ብለን አንጀምር፣ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ማቅለያው እኮ በእጃችን ነው፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 የቀድሞ መልካም ጠባይን፣ ከባድ ችግርን፣ መጸጸትን ይቆጥራል። የጠፋው የሚናገር ሰው ነው። አንድ ወረዳ ችሎት ላይ ያየሁት አባት፣ የሽቦ ወጥመዱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ የቅጣት አስተያየት ሲጠየቅ «አጥፍቻለሁ፣ ማሩኝ» ብሎ ዝም አለ። የስንት ልጅ አባት እንደሆነ፣ መሬት እንዳለው፣ ከዚህ በፊት ተከሶ እንደሆነ አልተጠየቀም። እሱም መናገር እንደሚችል አያውቅም። ተከላካይ ጠበቃ አልቆመለትም። ስለዚህ ከቀበሌውና ከሽማግሌዎች የሚወጣ አንድ ገጽ የኑሮ ሁኔታ መግለጫ ከቅጣት በፊት መዝገቡ ውስጥ ይግባ እንበል።

የፓርክ ጥበቃ (መካነ ሰላም)፦ ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ አንድ ስጋት ግን አለኝ። ቆዳና ሥጋ የሚገዛው ሰውዬ ጫካ አይገባም፣ ችግረኛውን ነው የሚልከው። ድህነት ብቻውን ማቅለያ ከሆነ ነገ ሌላ ድሃ ይልካል። ገዢውን የጠቆመ፣ ወጥመዱን የጣለበትን ቦታ መርቶ ያሳየ ይታይለት። በሽቦ ከሁለት ቀን በላይ ታስሮ የከረመ ድኩላ እግሩ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ፤ ይህን የምንረሳ መምሰል የለብንም።

አባል (ደላንታ)፦ እኔም ከጥበቃው ጋር ነኝ። ታስሮ ከሚበሰብስ ግን ያጠመደውን ሽቦ ሁሉ ይልቀም፣ ችግኝ ይትከል፤ የግዴታ ሥራ ይባልልን።

ጠበቃ (ኮምቦልቻ)፦ ጋሼ፣ ሐሳብዎ ትክክል ነው፤ መንገዱ ግን ያ አይሆንም። አንቀጽ 103 የግዴታ ሥራን ከስድስት ወር ለማይበልጥ ቀላል እስራት ነው የፈቀደው፤ የዚህ አዋጅ መነሻ አንድ ዓመት ነው። ከአንቀጽ 190 ጀምሮ ያለውን ገደብ፣ ማለትም ቅጣቱ በቅድመ ሁኔታ ታግዶ እንዲቆይ፣ እንጠይቅ። ሽቦ መልቀሙን የገደቡ ግዴታ አድርገን እናቅርበው።

አስተባባሪ (ደሴ)፦ ተስማምተናል፤ የጥበቃውንም ነጥብ አስገብቻለሁ። ሁለተኛ ጊዜ የተያዘና ለንግድ ያደነ በዚህ ሐሳብ አይታቀፍም። የቀረን ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ የሚቀሩት አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም፣ ያሉትም እኛው አገር ብቻ ነው። ግልገሉን በልቶብኝ ነው ብሎ የገደለ እረኛ በመጀመሪያ ጥፋቱ ገደብ ይገባዋል ወይስ አይገባውም? የጥበቃ አባሎቻችን አስቀድማችሁ ጻፉልኝ፤ ያለእናንተ ድምፅ ይህን አንቀጽ አልጽፈውም።